ጾም የገደፈው ክራር

ደባርቅ፣ መስከረም 22 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ዘመዴ ለአያ ሸጋው፤

አዲሱ ዓመት በደጅዎ በጤና ይግባልዎ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ልጆቹስ፣ የልጅ ልጆቹስ፣ ኔታ፣ ኦምሪ፣ ሁሉም እንዴት ናቸው? እኛ ክረምቱን በደኅና ወጥተናል፤ ገብሱ ዘንድሮ ያኮራል። እናቴ በለጠች ደኅና ናት። «የሸጋው አያትና የእኔ አያት የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አገር ቢርቅ ደም አይርቅም» እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ዘር ስትቆጥር ትውላለች። እኔም ያው በቅሎዎቼን ይዤ የቱሪስት ጓዝ ከደባርቅ ሳንቃ በር፣ ከሳንቃ በር አምባራስ ማመላለስ ነው።

አሁን ወደ ምሥራቹ ልምጣ። እየሩስን ልንድራት ነው! ሙሽራው የዳባት ልጅ ነው፤ ላቀው የሚባል የወፍጮ ቤት ባለቤት ልጅ። ልጁ ጨዋ ነው፤ አባቱ ግን አፉ አያርፍም። ሠርጉ እሑድ ጥር 19 ነው። ታዲያ ላቀው «ኦርጋን ከነድምፅ ማጉያው ከጎንደር አስመጣለሁ፤ አንተ አትድከም» ቢለኝ ደሜ ፈላ። በሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ «ልጄን የምሸኛት በአባቴ ክራር ነው፣ በገዛ እጄ!» አልሁ። እሱም ሳቀና «ክራርህ ጅማት እንኳ የለውም» አለኝ።

አያ ሸጋው፣ እውነቱን ነው። የድሮው የበሬ ጅማት ደርቆ ደርቆ ሁለቱን አይጥ ቆረጠመው፤ ጅማት የሚያከሩልን ሽማግሌም አርፈዋል። እርስዎ በፋሲካ በጻፉት ደብዳቤ የኦምሪ ጊታር ክሩ ናይለን ነው ብለውኝ ነበር። አሮጌውን ሲጥለው ለእኔ ቢለምኑልኝ? ቃሌ ከአፌ ወጥቷል፤ አሁን ብዋረድ የምዋረደው በልጄ ሠርግ ነው።

አክባሪዎ ደርቤ

* * *

ቂርያት ጋት፣ እስራኤል፣ ጥቅምት 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለደርቤ፤

የአብርሃም፣ የይስሐቅ፣ የያዕቆብ አምላክ አንተን ከነበቅሎዎችህ ይጠብቅህ። እየሩስ ልትዳር ነው የሚለውን ሳነብ እልልታዬን ለቀቅሁት። ጎረቤቴ ሩሲያዊቷ ሴትዮ እሳት የተነሣ መስሏት በሬን ደበደበችው። ገብታ ምሥራቹን ስትሰማ እሷም እልል ልበል ብላ ሞከረች፤ ኧረ ተወው፣ ዶሮ የታነቀ ነው የሚመስለው።

ልጆቹ «ደብዳቤ ምንድን ነው፣ ለምን አትደውልም?» ይሉኛል። እኔና ስልክ ተኳርፈናል። ጆሮዬ ላይ ይጮኻል እንጂ የሚለው አይገባኝም። ደብዳቤ ግን ደግሜ ደጋግሜ ባነበው አይሰለቸኝ፣ አይቆጣኝ።

ክሩን ኦምሪ ሰጥቶሃል። «ያገለገለ ለሠርግ አይላክም» ብሎ ሁለት ጥቅል አዲስ ገዛ። ልጁ ሲያዩት ፀጉሩን ያንጨባረረ ነው፤ ልቡ ግን ያገራችን ነው። ኔታ የምታውቃቸው ባልና ሚስት ተራራችሁን ሊጎበኙ ስለሚመጡ በእነሱ እጅ ልኬዋለሁ፤ ደባርቅ ሲገቡ «በቅሎ ነጂው ደርቤ» ብለው ይጠይቃሉ።

አንድ ነገር ግን እወቅ፤ ያ ክራር ግማሹ የእኔ ነው! አባትህ ገበቴውን ሲፈለፍል፣ በርኩማውን፣ ያንን ጅማቱ የሚቋጠርበትን እንጨት፣ የበሳሁት እኔ ነኝ። አባቴ ማረሻ ሲቀጠቅጥ ከፍሙ ዳር ተቀምጬ በጋለ ወስፌ ስድስት ቀዳዳ አወጣሁለት። ገና ጢም አላበቀልሁም ነበር። ስለዚህ ላቀው በክራሩ ሲስቅ በእኔም ነው የሚስቅ፤ አደራህን አታስቅብን።

ለእህቴ ለበለጠች ጉልበቷን ሳምሁ በልልኝ።

ሸጋው

* * *

ደባርቅ፣ ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ሸጋው፤

ለላኩልኝ እጅዎ ይባረክ፤ የኦምሪም እጅ ይለምልም። እንግዶችዎ በሰላም ደርሰዋል፤ ሳንቃ በር ድረስ እኔው ወስጃቸዋለሁ። ጭላዳ ዝንጀሮ ሲያዩ ሴትዮዋ አለቀሰች። እኛ ገብሳችንን ሲበሉብን ነው የምናለቅስ።

ስለ ክሩ ግን ምን ብዬ ልጻፍልዎ? ተዋረድሁ፣ አያ ሸጋው! ክሩን እንደ አባቴ ወግ አሰናድቼ፣ አለስልሼ፣ እንደ ድሮው ቋጥሬ ሰቀልሁት። ያን ዕለት ላቀው ስለ ድግሱ ሊመክር ከዳባት መጥቶ ነበርና «ና ስማ እንግዲህ» ብዬ አጠገቤ አስቀመጥሁት። ቅኝቱን አስተካክዬ ገና ሁለቴ እንደመታሁ ቀጭኗ ከበርኩማው ሹልክ አለች። ወዲያው ሁለተኛዋ ተከተለች። ሦስተኛዋን በጣቴ ብይዛት እሷም ሾልካ ወጣች!

ላቀው ጠላውን ትን እስኪለው ሳቀ። «ደርቤ፣ በዚህ ቋጠሮህ ነው የፈረንጅ ሻንጣ በገደል አፋፍ የምትነዳው?» አለኝ። ቤቴ የመጣ እንግዳ ባይሆን ኖሮ! ሃያ ዓመት ጭኜ ከበቅሎ ጀርባ አንዲት ማንኪያ ወድቃብኝ አታውቅም፤ አምባራስ ወጥተው ቢጠይቁ ይነግሩዎታል። እሱስ ይሁን፤ እየሩስ ቀስ ብላ መጥታ «አባ፣ ኦርጋኑ ይበቃል፤ አትጨነቅ» አለችኝ። ያዘነችልኝ መስሏት ነው፤ እኔን ግን ከላቀው ሳቅ ይበልጥ እሱ አመመኝ።

ኦምሪን ይጠይቁልኝ። እነሱ አገር ይህን ነገር በምን ያስሩታል?

ደርቤ

* * *

ቂርያት ጋት፣ ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለደርቤ፤

ሰላምህ ይብዛ፣ ጠላትህ ይነስ፤ ላቀውን ጠላት አላልሁም፣ አማች ነውና ይታለፍ።

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ኦምሪን ከነጊታሩ ጠርቼ ጠረጴዛው ዳር አስቀመጥሁት። አይቼው የማላውቀውን ነገር አየሁ። ናይለን ክር እንደ ጅማት በአንድ ቋጠሮ አይያዝም፤ ልሙጥ ነው። በቀዳዳው ታሳልፈውና ወደ ኋላ ትመልሰዋለህ፤ ከዚያ በራሱ ላይ ትጠመዝዘዋለህ። ወፍራሙን ሁለት ጊዜ፣ ቀጭኑን ሦስት ጊዜ። የመጨረሻዋ ጥምዝ ከበርኩማው ጀርባ፣ ከጠርዙ በታች መቀርቀር አለባት፤ እዚያ ካልገባች ሥራህ ሁሉ ከንቱ ነው። ስትወጥረው ክሩ ራሱን በራሱ ይነክሳል። ደግሞ ጫፉን በክብሪት ለኮፍ ብታደርገው እንደ ምስር ፍሬ ድብልብል ይላል፤ ያ ጉጥ እንዳይሾልክ ይይዘዋል። ለኮፍ አልሁ፤ እንዳታነደው።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ምናልባት ቀዳዳው ይሆን የበደለህ? ያኔ ልጅ ነበርሁ፤ ወስፌው ሲግል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አስፍቼው እንደሆነስ? እስቲ ሰንደዶ እያስገባህ እያንዳንዱን ፈትሽልኝ። ሰፍቶም ከሆነ ንገረኝ፤ አትደብቀኝ። ኔታ «አያቴ ስለ አንድ ቀዳዳ ምግብ ተወ» ብላ ለእናቷ ከሳኛለች።

ሸጋው

* * *

ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ሸጋው፤

እልል በሉ! ያዘ! እግዜር ይስጥዎ፣ ያዘ!

መጀመሪያ «ለኮፍ» ያሉኝን ትቼ የክሩን ጫፍ ከክብሪቱ ላይ ብይዘው እስከ ስንዝር ድረስ ተንጨርጭሮ አለቀ፤ ጣቴም አብሮ። ባለቤቴ ምሥራቅ «ክራር ነው የምትሠራ ወይስ ዶሮ የምትለበልብ?» አለችኝ። በሁለተኛው ግን እጄ ለመደ። ቀጭኑን ሦስት ጊዜ ጠምዝዤ፣ ጀርባው ላይ ቀርቅሬ፣ ጉጡን አበጅቼ ብወጥረው ንቅንቅ የለም። ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ነው። ሳንቃ በር ይዤው ወጥቼ የፓርኩን ጠባቂዎች፣ ስካውቶቹን፣ አጫወትኋቸው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ክሩ ግን ቅኝቱን አልለቀቀም።

ስለ ቀዳዳው አይስጉ። በሰንደዶ ለክቼዋለሁ፤ ስድስቱም እኩል ናቸው። አሁን ምግብዎን ይብሉ።

እኛ ጾሙን ይዘናል። ምሥራቅን መቼም በወሬም ቢሆን ያውቋታል፤ የነቢያት ጾም ከገባ የፍስክ ዕቃ አታስነካም፤ ዘንድሮማ ክራሩን ከነክሩ ሳይቀር የቤቱን ዕቃ ሁሉ በአመድ አሽታ አጥባዋለች፤ የወተቱን ቅል እንኳ ማጀት አግብታ ትቆልፍበታለች። እየሩስም ክራሩን ሰምታ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ዜማውን ስታንጎራጉር ሰማኋት። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ለሠርጉ ይምጡልኝ፤ ከአፋፍ በቅሎ ይዤ እቀበልዎታለሁ።

ደርቤ

* * *

ደባርቅ፣ ጥር 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ሸጋው፤

መልስዎ ሳይደርሰኝ ደግሜ ጻፍሁ፤ ጊዜ የለኝም። ይህን ደብዳቤ እየሩስ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ለኔታ ትልከዋለች። ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ሠርጉ አሥር ቀን ቀረው።

ሾለከ! ሁሉም ሾለከ! ሦስቴ ጠምዝዤ፣ አራቴ ጠምዝዤ፣ ጉጡን እንደ ባቄላ አሳብጬ፣ አልያዝ አለ። ስወጥረው ጥቂት ይቆይና ሙልጭ ይላል። ከገና ማግስት ጀምሮ ሌላ ሥራ የለኝም፤ እንግሊዞች ቀጥረውኝ በቅሎዎቼን ለጎረቤት ሰጥቼ ቀረሁ። እናቴ የላቀው ዓይን ነው ብላ ክራሩን ጠበል አስረጨችው። ምሥራቅ ሰልችቷት «ልጄን ትድራለህ ወይስ ክራሩን?» ትለኛለች።

ግራ የገባኝ እኮ፣ ጾሙን ሙሉ እንደ ብረት ይዞ ነበር! እኔም ክፉ አያያዝ አልያዝሁትም። እንዲያውም የገና ዕለት እኛ ስንገድፍ ክራሩ ምን በደለ፣ እሱም ይገደፍ ብዬ፣ ምሥራቅ ማጀቱን እንደከፈተች ክሩን ከላይ እስከ ታች፣ ቋጠሮውንም ጭምር፣ በለጋ ቅቤ አጠገብሁት። አባቴ ጅማቱን ያለ ቅቤ አሳድሮት አያውቅም ነበር። ይህን ያህል ተንከባክቤው ይከዳኝ?

ምናልባት ቀዳዳው ይሆን እንዴ? እንዳያዝኑብኝ ፈርቼ ነው እንጂ ልቤ ወደዚያ ሄዷል። ይምከሩኝ፤ አለዚያ ለላቀው «አሸነፍኸኝ» ልለው ነው።

ደርቤ

* * *

ቂርያት ጋት፣ ጥር 10 ቀን 2011 ዓ.ም.

ደርቤ!

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ እመርቅልሃለሁ። ቅቤ?! አንተ ሰው፣ ቅቤ?!

ኔታ ደብዳቤህን ከስልኳ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ቅቤው ጋ ስትደርስ ኦምሪ ጭንቅላቱን ይዞ ከወንበሩ ተነሣ። እኔ ሳቅ አፈነኝ፤ ሳቄ ወደ ሳል ተለወጠና ውኃ አጠጡኝ። ኦምሪ እስካሁን አላመነም፤ «ክር ላይ? የሚበላ ቅቤ?» እያለ ይዞራል።

ስማኝ ልጄ። ጅማት ከበሬ የወጣ ነው፤ ቅቤ ይጠጣል፣ ይለሰልሳል፣ ይከርማል። አባትህ ልክ ነበር። ናይለን ግን ቅቤ የሚጠጣበት ሆድ የለውም፤ ቅቤው ላዩ ላይ ቀርቶ ያሟልጨዋል። ኅዳር ላይም «አለስልሼ» ያልኸኝ ይህንኑ ነው፤ እኔ ሞኙ ምን አለሰለስህ ብዬ አልጠየቅሁም! ማን ይጠይቃል? እኔም ብሆን እቀባው ነበር። በጾሙ የያዘው ምሥራቅ አጥባው፣ ቅቤውንም ስለቆለፈችበት ነው። አንተን ሳይሆን እሷን ማመስገን ነበረብኝ።

አሁን የምልህን አድርግ። የተቀባውን ክር ወዲያ ጣለው፤ ሁለተኛው ጥቅል ያልተነካ አለህ አይደል? በርኩማው ራሱ ቅቤ ጠጥቷልና በአመድ አሽተው፣ በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠበው፣ ቀዳዳዎቹን በሰንደዶ ጥረግ፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ይምታው። እጅህንም ታጠብ። ከዚያ ኦምሪ እንዳለው እሰር። እስከ ሠርጉ ድረስ ክራሩ ይጹም!

የእኔ ቀዳዳ ግን ንጹሕ ነው። በማንም ፊት ተናገርልኝ፤ ቀዳዳዬ አልበደለም።

መምጣቱን ሐኪሙ ከልክሎኛል። ጉልበቴ ሳይሆን ልቤ ነው አሉ፤ አውሮፕላን አይወድም። አትዘንብኝ። አንተ ግን ምንም ይምጣ ምን ተጫወትላት።

ሸጋው

* * *

ደባርቅ፣ ጥር 23 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ሸጋው፤

የሠርጉ ቤት ገና አልጸዳም፤ ዳሱም አልፈረሰም። የድግሱ ጠላ ተርፎ ጎረቤቱ ዛሬም ይጠጣል። ልብዎ እንዴት ዋለ? ይህን ሲሰሙ እንዲደሰት ሁሉንም በተራ ልንገርዎ።

ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ። ምሥራቅ የቅቤውን ቅል ጎረቤት ወስዳ አስቀመጠች፤ «ደርቤ ቢለምናችሁ እንዳትሰጡት» ብላ አስጠነቀቀች። በመንደሩ «ቅቤ የተከለከለው ሰውዬ» ተብዬ ቀረሁ። በርኩማውን በአመድ አሽቼ፣ አጥቤ፣ አድርቄ፣ አዲሱን ክር አሰርሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ሠርጉ ድረስ በሌላ ሰው እጅ አላስነካሁትም።

ሠርጉ ዕለት ላቀው በሦስት መኪና ሰው ጭኖ መጣ። ኦርጋኑም መጣ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይላል! እኔ ራሴ ትከሻዬ እስኪገነጠል ጨፍሬበታለሁ። እናቴ ደግሞ በእፍኟ ቅቤ ይዛ መጣች። የደስታ ቀን ነውና የሙሽራዋን አባት አናቱን ልትቀባ። የእናት ምርቃት እንዴት እምቢ ይባላል? ክራሩን ለምሥራቅ አሸክሜ አናቴን ዘንበል አደረግሁላት፤ ወዲያው ቅቤው ወደ እጄ እንዳይወርድ ግንባሬን በፎጣ ጥፍንግ አድርጌ አሰርሁት። ዳባቶች «የሙሽራዋን አባት ማን ፈነከተው?» እያሉ ይጠያየቁ ነበር።

መሸኛው ሲደርስ ኦርጋኑ ዝም አለ። ላቀው ራሱ ነው «ይበቃል፤ አሁን የአባት ተራ ነው» ያለው። ክራሩን አነሣሁ። ሰው ሁሉ ዓይኑ በርኩማው ላይ ነው፤ ወሬው ዳባት ድረስ ደርሶ ነበርና ሲሾልክ ሊያዩ ነው የቆሙት። መታሁት። ደግሜ መታሁት። ጠበቅ አድርጌ መታሁት። አያ ሸጋው፣ አንዷም አልተነቃነቀች! ያኔ እልልታው ዳሱን ነቀነቀው። ላቀው መጥቶ በርኩማውን ጎንበስ ብሎ አየና «ይህን ማን በሳው?» አለ። «ዘመዴ አያ ሸጋው፣ በልጅነታቸው፣ በጋለ ወስፌ» አልሁት። «እጁ አይንቀጠቀጥም ነበር» አለኝ። እንዲህ ብሎ የተናገረውን ቃል በቃል ነው የጻፍሁልዎ።

ከዚያ መዝፈን ነበረብኝ። ላቀው ከሽምግልናው ቀን ጀምሮ «ዳባት ምን ይርቃል፣ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ለምን ይከፋሃል?» እያለ ሲያደርቀኝ ስለ ከረመ ለእሱ የምመልስበት ግጥም አዘጋጅቼ ነበር። እየሩስ መኪናው በር ላይ ቆማለች። የመጀመሪያውን ስንኝ አልሁ፦

«ዳባትና ደባርቅ ቅርብ ነው ይላሉ።»

ሰው ተቀበለኝ። ላቀውም ሳቀ። ወደ ሁለተኛው ስሄድ እየሩስ ቀና ብላ አየችኝ። ጣቴ ይመታል፣ ክሩ ይጮኻል፣ ቃሉ ግን አልወጣም አለ። እሷም ቬሎዋን ሰብስባ ከመኪናው ተመልሳ መጣችና በዚያ ቅቤ በነካው ፎጣ ላይ ሳመችኝ። ስንት ወር ሙሉ ክሩ እንዳይፈታ ስጨነቅ ክሩስ ያዘ፤ የተፈታሁት እኔ ነኝ። እንዲያ ሆኜ እየመታሁ ሸኘኋት፤ መኪናው ከመታጠፊያው እስኪሰወር ክሩ ቅኝቱን አልለቀቀም።

ደስ ብሎኛል፣ አያ ሸጋው። በጣም ደስ ብሎኛል። እየሩስም በማግስቱ ደውላ ስትስቅ ሰምቻታለሁ። ያልጨረስሁትን ስንኝ ግን ለማንም አልነገርሁም፤ እርስዎ ልጆች ድረዋልና ለእርስዎ ልጻፈው፦

«ልጅ ድረው ያልሸኙ ከወዴት ያውቃሉ።»

ልጅዎ ደርቤ